የእናቴን ስልክ የሚያውቀው ሮውተር

ይህን ታሪክ ከመጻፌ በፊት እናቴን አስፈቅጃታለሁ። «ጻፊው፤ ብቻ እኔን አሳምረሽ አትጻፊኝ፣ እንደሆነው አድርጊው» አለችኝ። እንደሆነው ለማድረግ እሞክራለሁ። የሆነው ነገር ለእኔም ገና በቅጡ ስላልገባኝ፣ መንገድ ላይ ግራ ካጋባኋችሁ ታገሡኝ።

ስሜ ፍሬሕይወት ታደሰ ይባላል፤ ፍሬ ነው የሚሉኝ። ሠላሳ አንድ ዓመቴ ነው። ተወልጄ ባደግኩበት ቂርቆስ፣ በሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ከእናቴ ከወይዘሮ አልማዝ ጋር እኖራለሁ። ሥራዬ ሒሳብ ማስተማር ነው። መጀመሪያ አንድ የግል ትምህርት ቤት ነበርኩ፤ በኋላ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ልጆች ትምህርት እየቀረጽኩ ኢንተርኔት ላይ መልቀቅ ጀመርኩ። ተመልካች ሲበዛ ትምህርት ቤቱን ተውኩና ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ በቀጥታ የሚከታተሉት ክፍል ከፈትኩ። የምንኖረው በዚያ ነው።

አባቴን አላውቀውም ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር እንደነበረና በልጅነቴ በመኪና አደጋ እንደሞተ ብቻ ነው የማውቀው። ፎቶ እንኳ የለንም፤ እናቴ «ጣራው ያፈሰሰ ጊዜ ተበላሸ» ትላለች። ስለ እሱ ስጠይቃት ፊቷ ስለሚጠቁር መጠየቅ ካቆምኩ ብዙ ዓመቴ ነው። አባት የሌለው ልጅ ሰፈራችን ውስጥ ሞልቷል፤ እኔ ብቻ የምለይበት ነገር አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ መናገር አለብኝ። እናቴ ከሁለት ዓመት ወዲህ ማክሰኞና ቅዳሜ ምግብ ቋጥራ ትሄድ ነበር። «ጥሩነሽ የምትባል የማኅበር ጓደኛዬ ሳሪስ ታማ ተኝታለች» ነው ያለችኝ። ከሦስት ወር በፊት ጥሩነሽ ሞተች ብላ ጥቁር ለበሰች። ለቅሶ ልድረስ ስላት «ሬሳው ክፍለ ሀገር ሄዷል» አለችኝ። ለማኅበር ጓደኛ ይህን ያህል ማልቀሷ ገርሞኝ ነበር። ሰው ሲያረጅ ሐዘኑ ይደራረብበታል ብዬ አለፍኩት።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ።

አንድ ሐሙስ ጠዋት መብራት ሄዶ ሲመጣ ሮውተራችን የተቃጠለ ላስቲክ ሸተተና ጸጥ አለ። ሮውተር ማለት ያው ኢንተርኔቱን ቤት ውስጥ የሚያሰራጨው ዕቃ ነው። ቅዳሜ የፈተና ክለሳ ነበረኝ። አዲሱን ስጠይቅ ዋጋው የሚቀመስ አልሆነም። ስልክ ላይ ስጨቃጨቅ የሰማችኝ እናቴ ከጓዳ ብቅ አለችና፣

«ያገለገለ ብትገዢስ? ካዛንቺስ ሸምሱ የሚባል ልጅ አለ። ያገለገለ ዕቃ ይገዛል፣ ይጠግናል፣ ይሸጣል። ታማኝ ነው» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ የት ታውቂዋለሽ?»

«ሰው ነው የነገረኝ» ብላ ተመልሳ ገባች።

የሸምሱ ሱቅ ካዛንቺስ ሳይፈርስ በቀረው በኩል፣ የአንድ ሕንጻ ምድር ቤት ውስጥ ናት። ሁለት ሰው ከቆመባት ሦስተኛው ደጅ ይጠብቃል። ሸምሱ ሠላሳዎቹ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የፈለግኩትን ስነግረው ከመደርደሪያው ላይ አንድ ነጭ ሮውተር አወረደልኝ።

«ስላሽ ነው?» አልኩት።

«አይ፣ ስላሽማ ከውጭ ተጠቅመውበት የሚመጣው ነው። ይሄ እዚሁ ሰው ቤት የነበረ ነው። ከፍቼ አጽድቼዋለሁ፣ ቻርጀሩን በአዲስ ቀይሬዋለሁ፣ አንቴናው ላልቶ ነበር፣ አጥብቄዋለሁ። ሪፈርቢሽድ በይው በቃ። ዋጋው ያዲሱ ግማሽ ነው። ካልሠራልሽ ደግሞ በሳምንት ውስጥ መልሺው።»

«የቀድሞው ባለቤት ነገር የለበትም አይደል? ማለቴ የይለፍ ቃል ምናምን።»

«አጥፍቼዋለሁ፤ ስሙንም የይለፍ ቃሉንም ራስሽ ታወጪለታለሽ» አለኝ። ገዝቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ አሥር ሰዓት ገደማ ነበር። እናቴ ጓዳ ሽንኩርት ትከትፋለች። ስልኳ እንደተለመደው ሳሎን ቡፌው ላይ ተቀምጧል። እናቴ ዳታ አትሞላም፤ የቤቱ ኢንተርኔት ከሌለ ስልኳ ለመደወያ ብቻ ነው የሚያገለግላት። ከጠዋት ጀምሮም ጸጥ ብሎ ነው የዋለው።

ሮውተሩን ሰካሁት። መብራቶቹ ተራ በተራ በሩ። ላፕቶፔን ገና ሳልከፍት የእናቴ ስልክ ጮኸ። ደገመ። ሠለሰ። ከጠዋት ጀምሮ ተጠራቅሞ የዋለው የዘመድ መልእክት፣ የመዝሙር ቪዲዮ፣ የመልካም በዓል ሥዕል፣ ሁሉም ተከታትሎ ገባ።

መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ሠራ ማለት ነው። ወዲያው ግን ነገሩ ገባኝ፤ ወይም ደግሞ ጭራሽ ጠፋብኝ። እኔ ምንም አላስገባሁም። የራሴን ስልክ ከፍቼ ስፈልግ «ብሎክ ዘጠኝ» የሚል ስም በእንግሊዝኛ ፊደል መጣ። ስነካው የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ሸምሱ የድሮውን አላጠፋውም ማለት ነው። እሺ፣ ይርሳው። ታዲያ የእናቴ ስልክ በምን ገባ?

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ስልክ አንድ ጊዜ የገባበትን ዋይፋይ አይረሳም። እንደገና ሲያገኘው ማንንም ሳይጠይቅ ይገባል። ገብቶበት የማያውቀው ቤት ግን፣ የይለፍ ቃሉን ካልሰጡት፣ በምንም ተአምር አይገባም። ስለዚህ የእናቴ ስልክ ይህን ሮውተር ያውቀዋል። ከዚህ በፊት ይህ ሮውተር በነበረበት ቤት ውስጥ ነበረ።

ስልኩን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

«እማዬ፣ ብሎክ ዘጠኝ የሚባል ቦታ ታውቂያለሽ?»

ቢላዋው ቆመ። ቀና አላለችም።

«የምን ብሎክ?»

«ስልክሽ የማያውቀው ዋይፋይ ውስጥ ገባ። ከዚህ በፊት ያስገባልሽ ሰው አለ?»

«እኔ ምን አውቄ ልጄ፣ ራሱ ገብቶ ይሆናል።»

«ራሱ አይገባም እኮ ነው የምልሽ። ጥሩነሽ ቤት ዋይፋይ ነበር እንዴ?»

«ጥሩነሽ?» አለች ቶሎ። «ጥሩነሽ ስልክ እንኳ አልነበራትም።»

ይህን ብላ ሽንኩርቱን ሳትጨርስ እጇን ታጠበችና ነጠላዋን ለብሳ ወጣች። ቤተ ክርስቲያን ልሳለም ነው አለች። ሽንኩርት እየከተፈች የሸሸችበት ቀን ትዝ አይለኝም።

ያን ምሽት ብዙ አልተነጋገርንም። እኔ ግን ስገምት አደርኩ። በስተርጅናዋ ሰው ቤት ተቀጥራ እየሠራች ይሆን? ትምህርት ቤቱን ስለቅ ገቢያችን ቀንሶ ነበር፤ ለእኔ ብላ ደብቃኝ ይሆን? ይሄ ሐሳብ ከሁሉ ይልቅ አመመኝ። ወይስ የሆነ ሰው አታሏት የሆነ ቦታ እየወሰዳት ነው? አንዱን ገምቼ ሳፈርስ ሌላው ይመጣል፤ ከጥሩነሽ ጋር ግን የትኛውም አልገጥም አለኝ። ከእውነቱ አጠገብም አልደረስኩም።

ዓርብ ጠዋት ሸምሱ ሱቁን ሲከፍት ደጁ ላይ ቆሜ ነበር።

«አልሠራም?» አለኝ።

«ሠርቷል። የድሮው ስምና የይለፍ ቃል ግን እንዳለ ነው።»

ጭንቅላቱን ያዘ። «ወላሂ ረስቼዋለሁ። ያን ቀን ብዙ ዕቃ ነበር የገባልኝ። አምጪው፣ አሁኑኑ አጠፋልሻለሁ።»

«እሱን ተወው። ከማን ነው የገዛኸው?»

«እሱማ የደንበኛ ነገር ነው፣ አልናገርም። ካጠፋሁ ላስተካክል፣ ካልፈለግሽ ገንዘብሽን ልመልስ።»

ምን እንደማደርግ ሳላውቅ ስልኬን አወጣሁና የእናቴን ፎቶ አሳየሁት። ለምን እንዳሳየሁት እስካሁን አላውቅም። ምናልባት «ይህቺን ሴትዮ የት አየሃት?» ልለው ነበር። ሸምሱ ፎቶውን አይቶ ፊቱ በራ።

«እሳቸውን ታውቂያቸዋለሽ እንዴ? እሳቸው እኮ ናቸው የሸጡልኝ።»

«እናቴ ናት» አልኩት።

አሁን ግራ የተጋባው እሱ ሆነ። ሮውተሩን የገዛሁበትን መደርደሪያ አየ፣ እኔን አየ።

«እናትሽ ናቸው? ታዲያ ለምን እዚያው ቤታችሁ አልተጠቀማችሁበትም? ማለቴ… የራሳችሁን ዕቃ ነው እኮ መልሰሽ የገዛሽው።»

«የኛ ቤት ዕቃ አይደለም።»

«አንድ ቤት ሙሉ ነው የሸጡልኝ፤ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ ዊልቸር፣ ቴሌቪዥን፣ ይሄ ሮውተር። ጎተራ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ብሎክ ዘጠኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። ራሴ በመኪና ሄጄ ነው የጫንኩት።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «‹የባለቤቴ ዕቃ ነው፣ አርፎ ነው› ነው ያሉኝ። ነፍስ ይማር ብያቸዋለሁ። አንቺንም ነፍስ ይማር ልልሽ ይገባ ነበር መሰለኝ፣ አላወቅኩም።»

እናቴ ባል እንደነበራት ከሮውተር ሻጭ ሰማሁ። ሱቁ ውስጥ አንዲት የፕላስቲክ በርጩማ ነበረች፣ ሸምሱ ሳልጠይቀው አቀረበልኝ። አልተቀመጥኩም። አመስግኜው ወጣሁና ወደ ጎተራ ታክሲ ያዝኩ።

ታክሲው ውስጥ ሆኜ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ለምን ደበቀችኝ? ባል ብታገባ እኔ ምን እላለሁ? እንኳን ደስ አለሽ ነበር የምላት። ወይስ የማልታመን ሰው ሆኜባት ነው?

ብሎክ ዘጠኝ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አራት በሮች አሉ። በአንደኛው ላይ አዲስ ቁልፍ ተንጠልጥሏል፤ ቤቱ ባዶ ነው። አጠገቡ ያለውን አንኳኳሁ።

«ማነው?» የሚል የሴት ድምፅ መጣ።

«ይቅርታ፣ ስለ ጎረቤትዎ ልጠይቅ ነበር። እዚህ ጎን ያለው ቤት ማን ነበር የሚኖረው?»

በሩ ገና አልተከፈተም። ከውስጥ ድምፁ ተመልሶ መጣ፤ «እስቲ ድገሚው።»

«ምኑን?»

«የተናገርሽውን።»

ደገምኩት። በሩ ተከፈተ። ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለች፣ ሽርጥ ያገለደመች ሴት ቆማለች። አፏን በመዳፏ ከድና ስታየኝ ቆየች።

«የሒሳቧ ልጅ» አለች። «ፍሬ። የጋሽ ታደሰ ልጅ።»

በሕይወቴ አይቻት የማላውቅ ሴት ናት። ስሜን ጠራችው። ትምህርቴን የሚያዩ የተማሪ ወላጆች አልፎ አልፎ መንገድ ላይ ያውቁኛል፣ እሱ አልደነቀኝም። የደነቀኝ ቀጥሎ ያለው ነው።

«የማን ልጅ?» አልኳት።

«የጋሽ ታደሰ።»

አዲስ አበባ ውስጥ ስንት ታደሰ አለ። «እመቤቴ፣ ከሰው ጋር ተመሳስዬብዎት ነው» አልኳት። «የእኔ አባት ስሙ ታደሰ ነው፣ እሱ ግን በልጅነቴ ነው የሞተው።»

ሴትየዋ፣ እትዬ ሙሉ ትባላለች፣ ክንዴን ይዛ ወደ ውስጥ አስገባችኝና ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ፊት ለፊቴ ቁጭ አለች። የምትለውን እየመረጠች እንደሆነ ታስታውቃለች።

«እናትሽ አልማዝ አይደለችም?»

«ናት።»

«እንግዲያው አልተመሳሰልሽብኝም። ጋሽ ታደሰ የሞቱት ከሦስት ወር በፊት ነው። እኔ ነኝ ዓይናቸውን የጨፈንኩት፤ እናትሽ መንገድ ላይ ነበረች።»

ቀጥላ የነገረችኝን በቅደም ተከተል የሰማሁት አይመስለኝም። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው ነበር አለች። «እናትሽ ማክሰኞና ቅዳሜ እየመጣች ታጥባቸው፣ ታበላቸው ነበር። ሌላውን ቀን እኛ ጎረቤቶች እየተፈራረቅን እናያቸው ነበር። ዋይፋዩን ያስገቡት ለአንቺ ትምህርት ብለው ነው፤ ሌላ ምንም አያዩም። የእናትሽንም ስልክ ያገናኘላት የእኔው ልጅ ነው።»

«ግድግዳው ስስ ነው» አለች። «ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፅሽን እየሰማሁ ነው ወጥ የሠራሁት። ‹ልጆች፣ ምልክቷን እንዳትረሱ› ትያለሽ። ለዚህ ነው በሩ ሳይከፈት ያወቅኩሽ።»

ተነስታ ጓዳ ገባችና አንድ ደብተር ይዛ ተመለሰች። «ዕቃው ሲሸጥ ይሄን የሚገዛው የለም፤ መጣሉም ከበደኝ» አለችኝ።

ከፈትኩት። የእኔ ጥያቄዎች ናቸው። ከስክሪን ላይ የተገለበጡ፣ በግራ እጅ የተጻፉ፣ ተንጋደው ወደ ታች የሚወርዱ ቁጥሮች። አባቴ ትምህርቱን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጦ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። የስምንተኛ ክፍል አልጀብራ እየሠራ ነበር። ሳላስበው ማረም ጀመርኩ፤ የመምህር ዓይን ሌላ ነገር አያውቅም። ብዙዎቹ ተሳስተዋል፤ ሁሉም ደግሞ አንድ ቦታ ላይ። ቅንፍ ሲፈታ ከፊቱ ያለውን የመቀነስ ምልክት ለመጀመሪያው ቁጥር ይሰጠውና ሁለተኛውን ይረሳዋል። ተማሪዎቼ ሁሉ የሚሳሳቱት እዚያ ነው። ሁለት ደቂቃ አጠገቡ ብቀመጥ የማስረዳው ነገር ነበር። ወደ መጨረሻው ገጽ ስደርስ አንዱን አግኝቶታል። ከጎኑ ራሱ ትልቅ ራይት አድርጎበታል።

ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ለማን እንደማለቅስ ግን አላወቅኩም። የማላውቀው ሰው ነው። ደግሞ አንድ ጊዜ ሞቶብኛል። ለሞተ ሰው እንደገና እንዴት ይለቀሳል?

ቤት ስመለስ እናቴ ሳሎን ቁጭ ብላ ትጠብቀኝ ነበር። ጥቁሩን ልብሷን ለብሳለች።

«ጎተራ ነበርኩ» አልኳት።

«ሙሉ ደውላ ነገረችኝ። ማን ነው የጠቆመሽ?»

«ሸምሱ። መጀመሪያ ግን ስልክሽ ነው።»

«ስልኬ?» አለች። የምር አልገባትም። «ዕቃው ነው የነገረኝ ትያለሽ?»

«አዎ። ለምን እሱ ጋ ላክሽኝ እማዬ? እንዳውቅ ፈልገሽ ነው?»

«እንድታውቂ ፈልጌ ነው ብልሽ ደስ ባለኝ» አለች። «ግን አይደለም። ልጁ ዕቃውን ሲገዛኝ አላታለለኝም፤ አንቺንም አያታልልሽም ብዬ ነው። ያንኑ ዕቃ ይሰጣታል ብዬም አላሰብኩ። ቢሰጥሽስ፣ ዕቃ ሰው ያስታውሳል ብዬ በምን አውቄ።»

ከዚያ ነገረችኝ። አባቴ ሦስት ዓመቴ እያለ ጭነት ይዞ ወደ ሁመራ ሄዶ አልተመለሰም። ደብዳቤ የለም፣ ገንዘብ የለም። ሌላ ሴት ጋር እንደሚኖር ከሹፌሮች ሰማች።

«አንቺ ማታ ማታ ደጃፉ ላይ ትቀመጫለሽ» አለችኝ። «የከባድ መኪና ድምፅ በሰማሽ ቁጥር ብድግ ትያለሽ። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆንሽ። አንድ ቀን ዝናብ እየደበደበሽ አልገባም አልሽኝ። ‹አባትሽ ሞቷል፣ ግቢ› አልኩሽ። ገባሽ። ከዚያ ወዲህ ደጅ አልተቀመጥሽም። ጥሩ አደረግኩ ብዬ ተውኩት።»

«ሲመለስስ?»

«ሲመለስ ታሞ ነው የመጣው። ሴትየዋም ትታዋለች፣ መኪናውንም ሸጦታል፣ ሌላ ልጅም የለው። ሰው ልኮ አስጠራኝና ‹ልጄን አሳዪኝ› አለኝ። ‹አንተ እኮ ሞተሃል› አልኩት። ሳቀ። ከዚያ አለቀሰ። ቪዲዮሽን ከፈትኩለት። በኋላ ‹ቆሜ መሄድ ስችል ውሰጂኝ፤ ከሞት የተመለሰ ሰው ተኝቶ አይታይም› አለኝ። ቀስ በቀስ መቆም ጀምሮ ነበር። እኔም እውነቱን ልንገርሽ፣ እስኪድን ድረስ ጊዜ አገኘሁ ብዬ ደስ አለኝ። ትጠይኛለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ሞተ።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ እኔ እዚህ ሆኜ ሳስተምር፣ አንቺ እዚያ ከእሱ ጋር ሆነሽ ታዪኝ ነበር?»

«አዎ።»

ክፍሌ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። ልጮህባት እፈልግ ነበር፤ ግን ደግሞ ዝናብ ውስጥ የተቀመጠች የአምስት ዓመት ልጅ ትታየኛለች፣ እናቲቱም ትታየኛለች፣ ምን ትበላት ነበር? እሱን ልቆጣው ስል ደግሞ በግራ እጁ የጻፋቸው ቁጥሮች ይመጡብኛል። ንዴቴን የማሳርፍበት ሰው አጣሁ።

ቅዳሜ ክለሳውን አስተማርኩ። ልጆቹን ለፈተና መተው አልቻልኩም። ቅንፍ መፍታት ላይ ስደርስ «ምልክቷን» ብዬ ድምፄ ቀረ። ልጆቹ ኔትወርክ መሰላቸው፤ «ቲቸር ተቆረጥሽ»፣ «ቲቸር ድምፅ የለም» እያሉ ጻፉ። ውኃ ጠጥቼ ቀጠልኩ። እናቴ በሩ ጋ ቆማ ነበር።

ክፍሉ ሲያልቅ፣ «ለቅሶ እንቀመጥለት» አልኳት።

«ምን ብለን?» አለችኝ። «ሰፈሩ የሚያውቀው ድሮ እንደሞተ ነው። ዕድሩን ምን ልበለው?»

«እንደሆነው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሳሎኑን አስተካክለን፣ ከጎረቤት አግዳሚ ወንበር ተውሰን ተቀመጥን። ወሬው ከእኛ ቀድሞ ደርሶ ነበር። ሰው መምጣት ጀመረ። የሚገቡትን ባየሁ ቁጥር እሰጋለሁ፤ «አባትሽ ድሮ አይደል የሞተው?» ሲሉኝ ምን እላለሁ? ከየት እጀምራለሁ? ከሮውተሩ?

ማንም አልጠየቀኝም። እየገቡ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ይህ ራሱ ግራ አጋባኝ። በመጨረሻ እማማ ደስታ መጡ። ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ፣ ሰማንያን ያለፉ አሮጊት ናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው እናቴ ፊት ቆሙና ፊቷን በሁለት እጃቸው ያዙ።

«አልማዝ» አሏት። «አሁን እውነት ነው?»

እናቴ ቀና ብላ አየቻቸው። «አሁን እውነት ነው» አለች።

«እንግዲያስ እናልቅስለት» ብለው አጠገቧ ተቀመጡና ጀመሩ። ያን ጊዜ ቤቱ ሁሉ አለቀሰ። የእናቴ ለቅሶ ጥሩነሽ ለምትባለው፣ ላልነበረችው ጓደኛዋ ካለቀሰችው ጋር አንድ ነው፤ አሁን ግን ስሙን እየጠራች ነበር።

ሰው ሲቀንስ የዕድሩን ዳኛ ጋሽ በቀለን ደጅ ላይ አገኘኋቸውና ጠየቅኳቸው። «ያውቁ ነበር?»

«ሁላችንም እናውቅ ነበር ልጄ» አሉኝ። «ታደሰ ሞቶ ቢሆን ያኔ ድንኳን የምንተክለው እኛ አይደለን? እናትሽ ሞቷል አለችሽ። እኛም ሞቷል አልን። ልጆቻችንንም ፍሬ ፊት እንዳትሳሳቱ ብለን አስጠንቅቀናል። አንዲት ልጅ የምታድግበት ነገር ነው፣ አይነካም።»

ሃያ ስድስት ዓመት። ሰፈር ሙሉ ሰው፣ ዳቦ ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ አብረውኝ ገመድ የዘለሉት ልጆች፣ ሁሉም ያውቃል። የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። መናደድ ያለብኝ ይመስለኛል። ደግሞ ያን ያህል ሰው አንዲት ልጅ ደጅ እንዳትቀመጥ ብሎ ያን ያህል ዘመን አፉን መዝጋቱን ሳስብ፣ የማንን እጅ ልስም እላለሁ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ታሪክ ምን ትምህርት እንደምታገኙ አላውቅም። እኔ የማስተምረው ሒሳብ ነው፤ እሱ መልስ አለው። ይሄኛው እስካሁን አልተፈታልኝም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ለልጅ ብላችሁ የተናገራችሁት ውሸት ካለ፣ ልጁ ደጅ መቀመጥ ካቆመ፣ ውሸቱ ሥራውን ጨርሷል። ከዚያ በኋላ ውሸቱን የምታቆዩት ለልጁ ሳይሆን ለራሳችሁ ነው። እናቴ ይህን ዓረፍተ ነገር ሳነብላት አልተቃወመችም። ልታዩት የምትሹት የታመመ ሰውም እስኪቆም አትጠብቁ። ተኝቶ ሳለ እዩት።

በእኔ ላይ የተለወጠው ብዙ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አባቴ እጠይቃለሁ፣ እናቴም ትመልስልኛለች። ረጅም ነበር? አዎ። ይዘፍን ነበር? መሪ ሲይዝ ብቻ። ወዶኝ ነበር? እዚህ ላይ ቶሎ አትመልስም፤ አስባ ነው የምትመልሰው፣ እኔም ለዚህ አምናታለሁ። ማክሰኞ ማክሰኞ መቃብሩ ጋ አብረን እንሄዳለን። የሄድንበትን መንገድ ስንመለስ አንዳንዴ እናወራለን፣ አንዳንዴ ታክሲው ውስጥ እንደማይተዋወቁ ሰዎች ለየብቻ በየመስኮታችን እናያለን።

ይቅር ብለሻታል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው አይጠፋም። አንዳንድ ቀን አዎ ነው፣ አንዳንድ ቀን አይደለም። ጠዋት ስነሳ የትኛው ቀን እንደሆነ አላውቀውም፤ ከጓዳ ድምፅዋን ስሰማ ነው የሚለይልኝ። ዛሬ አዎ ነው።